ከአፍ ወደ ወረቀት፦ ለአራተኛ ክፍል ንግግር፣ አንቀጽና ደብዳቤ እንዴት ይስተማር?

«የደብዳቤ ክፍሎች ስንት ናቸው?» ሲባል ክፍሉ ባንድ ድምፅ ይመልሳል፦ አድራሻ፣ ቀን፣ ሰላምታ፣ ሐተታ፣ መሰናበቻ፣ ስምና ፊርማ። «በሉ እንግዲህ ለአክስታችሁ ደብዳቤ ጻፉ» ሲባል ግን ግማሹ ልጅ እርሳሱን ይነክሳል፤ የቀረው መጽሐፉ ላይ ያለውን ናሙና ስም ብቻ እየለወጠ ይገለብጣል። ይህ ስንፍና አይደለም። ልጁ የደብዳቤን ክፍሎች ሸመደደ እንጂ የሚጽፈው ነገር በአፉ አልተዘጋጀም። አፉ ላይ ያልተሰናዳ ነገር ደግሞ ወረቀት ላይ አይገኝም።

ስለዚህ እዚህ የሚቀርበው ቅደም ተከተል የብዙው የመማሪያ መጽሐፍ ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ መናገር፣ ከዚያ አንቀጽ፣ መጨረሻ ላይ ደብዳቤ። ስሌቱ 60 ተማሪ ላለው የ4ኛ ክፍል፣ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ በሳምንት 3 ቀን ነው። 6 ሳምንት፣ ማለትም 18 ክፍለ ጊዜ ይፈጃል፦ 5ቱ ለንግግር፣ 6ቱ ለአንቀጽ፣ 7ቱ ለደብዳቤ። ለ3ኛ ክፍል የአንቀጹን ክፍል ወደ አንድ ዓይነት ይቀንሱት፤ ለ5ኛና ለ6ኛ ደግሞ የማመልከቻውን ክፍል ያስረዝሙት።

መናገር

በመጀመሪያው ቀን አንድ ልጅ ሰሌዳ ፊት አቁሞ «ስለ ራስህ ተናገር» ማለት ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛው የታወቀው ነው፤ ልጁ ያፍራል፣ ክፍሉ ይስቃል፣ ከዚያ ወዲያ እጁን አያወጣም። ሁለተኛው የሂሳብ ጉዳይ ነው። 60 ልጅ አንድ አንድ ደቂቃ ቢናገር 60 ደቂቃ ነው፤ ክፍለ ጊዜው ግን 40 ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ አንዱ ይናገራል፣ 59ኙ ይሰለቻል። ልጆቹን በ5 በ5 ከፍለው 12 ቡድን ያድርጓቸው። ዴስክ ማንቀሳቀስ አያስፈልግም፤ የፊተኛው ወንበር ልጆች ወደ ኋላ ቢዞሩ ይበቃል። ክፍሉ ይንጫጫል፤ ይንጫጫ። ጫጫታው ከልክ ሲያልፍ የሚያስቆም አንድ ምልክት፣ ለምሳሌ ሦስት ጊዜ ማጨብጨብ፣ አስቀድመው ይስማሙ።

የመጀመሪያውን ልምምድ ሁሉም በሚያውቃት ዐረፍተ ነገር ይጀምሩ፦ «አበበ በሶ በላ።» ሦስት ቃል ናት፤ ማንም አይሳሳትባትም፤ ስለዚህ የልጁ ሐሳብ በሙሉ ድምፁ ላይ ይሆናል። መጀመሪያ «አበበ» ላይ ጠበቅ አድርገው ይበሉት፤ ከበደ አይደለም ማለት ነው። ከዚያ «በሶ» ላይ፤ ዳቦ አይደለም። ከዚያ «በላ» ላይ፤ ጨብጦ አላስቀመጠውም፣ በላው። ልጆቹ ትርጉሙ የት እንደዞረ ይናገሩ።

ቀጥሎ አምስት ቁራጭ ወረቀት ላይ አምስት ስሜት ይጻፉ፦ ደስታ፣ ቁጣ፣ ሐዘን፣ ምስጢር፣ ጥርጣሬ። ልጁ አንዱን ይስባል፤ ያችኑ ዐረፍተ ነገር በዚያ ስሜት ይናገራል፤ ቡድኑ ስሜቱን ይገምታል። እዚህ ላይ የሚያጋጥመው ስሕተት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ልጆች ለሁሉም ስሜት ይጮኻሉ። ድምፅ ከመጮኽ ሌላ መሣሪያ እንዳለው አሳዩአቸው። ሐዘን ይዘገያል፣ ቃላቱንም ይጎትታል። ቁጣ ቃላቱን ይቆራርጣል። ምስጢር ዝቅ ይልና ከዋናው ቃል በፊት ትንሽ ይቆማል። ጥርጣሬ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ ይወጣል። ይህን አንድ ጊዜ እርስዎ በራስዎ ድምፅ ካላሳዩ ማብራሪያው ብቻውን አይሠራም፤ ልጆቹ ፊት ትንሽ መቀለድ ግድ ነው።

ይህ ልምምድ በኋላ ለጽሑፍም ያገለግላል። ወረቀት ድምፅ የለውምና በአፍ ጠበቅ ያደረጉትን ነገር በጽሑፍ በሌላ መንገድ ማምጣት ያሻል፦ «በሶ የበላው አበበ ነው»፣ «አበበ የበላው በሶ ነው»። እነዚህን በሰሌዳ ጽፈው «አበበ» እና «በሶ» ላይ ጠበቅ ከተደረገባቸው አነጋገሮች ጋር ያዛምዱላቸው።

ጮክ ብሎ ማንበብ ላይ ሌላ ችግር አለ። ፊደላችን ጥብቀትንና ላላትን አያሳይም። «ዋና» የሚለው ቃል «ዋናው በር ተዘግቷል» ላይ ይጠብቃል፤ «ዋና እችላለሁ» ላይ ይላላል። «ገና» በዓሉ ሲሆን ይጠብቃል፤ «ገና አልመጣም» ሲባል ይላላል። «ልጁ ቤት አለ» እና «ልጁ እሺ አለ» እንዲሁ። ልጁ ቃሉን በትክክል ለማንበብ ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻ ማየት አለበት፤ ግሳችን ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጮክ ብሎ ከማንበብ በፊት ሁልጊዜ 1 ደቂቃ የዝምታ ንባብ ይስጡ። ያለዚህ ደቂቃ ልጁ ቃል በቃል እየደረደረ ያነባል፤ ስሜት ከየት ይምጣ?

በሁለተኛውና በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ተረትና እንቆቅልሽ ያስገቡ። ጊዜ ማባከን የሚመስለው መምህር አለ፤ ግን ከዚህ የተሻለ የንግግር መሣሪያ በቀላሉ አይገኝም። «ተረት ተረት» ያለ ልጅ «የላም በረት» እስኪባልለት መጠበቅ አለበት፤ አድማጩ ዝግጁ መሆኑን ሳያረጋግጥ አይጀምርም። ይህ ተናጋሪ ሁሉ የሚያስፈልገው ልማድ ነው። እንቆቅልሽም እንዲሁ፦ «እንቆቅልህ»፣ «ምን አውቅልህ»፣ «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው»። መልሱ ውሃ ነው። መላሹ ካቃተው አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው በተሰጠው አገር ላይ የሚያወርደው ፉከራ ልጅን ሳያስበው በስሜት ያናግረዋል። ለእንቆቅልሽ 5 ደቂቃ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ጨዋታው ይገነናል፣ ትምህርቱ ይቀራል።

በአራተኛው ክፍለ ጊዜ የአንድ ደቂቃ ንግግር ይጀመር፤ እዚያው ቡድን ውስጥ። ልጁ በሦስት ጣት ያቅዳል፦ ምን አየሁ፣ ምን ሆነ፣ ምን ተሰማኝ። ጽፎ እንዳያነብ ይከልክሉ። የተጻፈ ነገር በእጁ ከገባ ያ የተማሪ ቤት ዜማ ይመጣል፤ የእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ሽቅብ እየተጎተተ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናል። መዳፍ በምታህል ወረቀት ላይ ሦስት ቃል ብቻ ይፈቀድ። «ገበያ፣ ጠፋሁ፣ እናቴ» የሚሉ ሦስት ቃላት የያዘ ልጅ ሳይወድ በግዱ በራሱ አነጋገር ይናገራል።

ዓይንን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ። አንገት ደፍቶ መናገር ጨዋነት ነው ተብሎ ያደገን ልጅ «ዓይን ዓይናችንን እያየህ ተናገር» ማለት ቤቱ ያስተማረውን ማፍረስ ይመስለዋል። ይልቅ «ኋላ ወንበር ያሉት እንዲሰሙህ ወደ እነሱ ተናገር» ይበሉት። ኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ሲሰማ እጁን ያነሣል፣ ሳይሰማ ሲቀር ያወርዳል። ተናጋሪው እጁን ለማየት ሲል አንገቱ ቀና ይላል፤ ድምፁም አብሮ ይወጣል።

ማርክ ከ10 ይስጡ፦ መሰማት 3፣ ቅደም ተከተል 3፣ ስሜት 2፣ ወደ አድማጭ መናገር 2። ሰዋስው ላይ እዚህ ማርክ አይቁረጡ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ልጅ «እሷ መጣ» ባለ ቁጥር ከታረመ ዝም ማለትን ይመርጣል። ስሕተቱን ይያዙለትና በአንቀጹ ላይ ያስተካክሉ፤ ሐሳቡንም መጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ለጓደኛው እንዲያወራ ይፍቀዱለት።

አንቀጽ

አንቀጽ አንድ ሐሳብ የሚያዝበት ቤት ነው። ኃይለ ቃሉ፣ ማለትም ዋናውን ሐሳብ የያዘው ዐረፍተ ነገር፣ ጉዳዩን ይናገራል፤ መዘርዝሮቹ ያብራሩታል። ኃይለ ቃል መሀል ላይ፣ መጨረሻ ላይ፣ ወይም ተሰውሮ ሊመጣ እንደሚችል መጽሐፍ ያስተምራል፤ ትክክል ነው። ለ4ኛ ክፍል ግን መጀመሪያ ላይ ያለውን ብቻ ያስተምሩ። ሌላውን ማወቅ ለማንበብ እንጂ ለመጻፍ ገና አያስፈልጋቸውም።

ያረጀ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ወይም የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት በቁመቱ ይቁረጡና እነዚህን ስድስት ዐረፍተ ነገሮች በትልቁ ይጻፉ፦

ጤፍ እንጀራ እስኪሆን ድረስ ብዙ ሥራ አለበት።
መጀመሪያ ከማሳ ላይ ታጭዶ ይከመራል።
ቀጥሎ በአውድማ ላይ በበሬ ይበራያል።
ነጭ ጤፍና ቀይ ጤፍ ዋጋቸው ይለያያል።
ከዚያ ተነፍቶና ተፈጭቶ ዱቄት ይሆናል።
በመጨረሻ ዱቄቱ ተቦክቶ በምጣድ ይጋገራል።

ስድስት ልጅ አንድ አንድ ወረቀት ይዞ፣ ተደበላልቆ፣ ፊት ይቁም። የተቀመጡት ያሰልፏቸው። ሰልፉ ሲስተካከል አንዱ ልጅ ቦታ ያጣል፤ የዋጋው ነገር የትም አይገባም። «ዋሸ እንዴ?» ብለው ይጠይቁ። አልዋሸም፤ እውነት ነው፣ ግን የዚህ ቤት ሰው አይደለም። የአንቀጽ አንድነት የሚባለው ይህ ነው፤ ትርጓሜውን ከማስጻፍ ይልቅ ያ ልጅ ወረቀቱን ይዞ ወደ ቦታው ሲመለስ ማየት ይበልጥ ይያዛል። ከዚያ «መጀመሪያ»፣ «ቀጥሎ»፣ «ከዚያ»፣ «በመጨረሻ» የሚሉትን በእጅ ሸፍነው ያስነብቡ። የአያያዥ ቃላት ጥቅም ያኔ ይታያል።

የአንቀጽ ዓይነቶችን በተመለከተ ተራኪ፣ ገላጭ፣ አስረጂ፣ አመዛዛኝ እያሉ አራቱንም በአንድ ሳምንት ማስተማር ልጁ ስማቸውን ብቻ ይዞ እንዲወጣ ያደርጋል። ሦስት አደረጃጀት ይበቃል። የጊዜ ቅደም ተከተል፤ የጤፉ ይህ ነው። ምክንያትና ውጤት፤ «ስለዚህ»፣ «በዚህ ምክንያት»፣ «ምክንያቱም» የሚሉት ይመጡበታል፣ ለማመልከቻም መሠረቱ እሱ ነው። ሦስተኛው ማነጻጸር ነው፤ ብዙ የሚበላሸውም እሱ ነው። ልጁ ስለ ላም ወተት ይጽፍና ስለ ፍየል ሲደርስ ቀለሟን ያወራል። ከመጻፉ በፊት ደብተሩን በሁለት ዓምድ ከፍሎ በሦስት መስፈርት ይሙላ፦ ምን ትበላለች፣ ምን ትሰጣለች፣ የት ታድራለች። በአንዱ ዓምድ ያለ መስፈርት በሌላው ባዶ ከሆነ ገና መጻፍ የለም።

አሁን ዋናው በሽታ። አማርኛ ግስን በግስ ላይ መቀጠል ይፈቅዳል፤ ልጆችም ይህን ፈቃድ እስከ ጥጉ ይጠቀሙበታል፦

«ጠዋት ተነሥቼ ፊቴን ታጥቤ ቁርሴን በልቼ ደብተሬን ይዤ ከጓደኛዬ ጋር ተገናኝቼ ስንሄድ ዝናብ መጥቶ ደብተሬ በስብሶ መምህሯ ተቆጥታኝ አለቀስኩ።»

አንድ አራት ነጥብ፣ አሥር ድርጊት። ሰዋስዉ አልፈረሰም፤ ስለዚህ «ስሕተት» ብሎ በቀይ መሰረዝ ልጁን ግራ ያጋባዋል። ይልቅ ሳይተነፍስ ጮክ ብሎ ያንብበው። ትንፋሹ ያጥርበታል፤ ክፍሉም ይስቃል፤ አሁን ሳቁ ደግ ነው። ትንፋሽ የጠየቀበት ቦታ አራት ነጥብ ይግባ። ደንቡ ቀላል ነው፦ ከሦስት ድርጊት በላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር አይታሰር፤ አስፈላጊው ነገር ደግሞ የራሱ ዐረፍተ ነገር ይኑረው።

«ጠዋት ተነሥቼ ቁርሴን በላሁና ከጓደኛዬ ጋር መንገድ ጀመርን። ድንገት ዝናብ መጣ። ደብተሬ በሰበሰ። መምህሯ ስትቆጣኝ አለቀስኩ።»

ፊት የመታጠቡ ነገር ወጥቷል፤ ለታሪኩ አላስፈለገማ። «ደብተሬ በሰበሰ» ብቻውን ሲቆም ምን ያህል እንደከበደ ልጆቹ ራሳቸው ይሰሙታል። ከንግግሩ ሳምንት የተማሩት ቆም ማለት ወረቀት ላይ አራት ነጥብ ሆኖ መጣ ማለት ነው።

ከአፍ ወደ ጽሑፍ ሲመጣ የሚራገፉም አሉ፦ «ምናምን»፣ «እንትን»፣ «ማለት ነው»፣ «እና ደግሞ ከዛ»። በሰሌዳው ጥግ የራሳቸው ዝርዝር ይኑርና ሳምንቱን ሙሉ አይጥፋ። የአንቀጽ መጀመሪያ ከሕዳጉ ሁለት ጣት ገባ ይበል፤ ልጁ በራሱ ጣት ይለካው። ስለ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ» እና «ሰ፣ ሠ» በዚህ ሳምንት አይጨቃጨቁ። ልጁ በአንድ አንቀጽ ውስጥ አንድን ቃል አንድ ዓይነት አድርጎ ከጻፈ ይበቃል።

እርማት መምህሩን የሚገድል ሥራ ነው። 60 ደብተር በ3 ደቂቃ 180 ደቂቃ፣ ማለትም 3 ሰዓት ነው፤ ማንም በየሳምንቱ አይችለውም። በየዙሩ 15 ደብተር ብቻ ይውሰዱ፤ በአራት ዙር ሁሉም ይዳረሳል። በእያንዳንዱ ዙር የሚታረመው አንድ ነገር ይሁን፤ ለምሳሌ አራት ነጥብ ብቻ። የቀሩት 45 ልጆች ለጎረቤታቸው ጮክ ብለው ያንብቡ፤ አንባቢው የተደናቀፈበት ቦታ እርሳስ ይነካዋል።

ደብዳቤ

ከሁሉ በፊት ተቀባይ። «ለአንድ ጓደኛህ ጻፍ» ማለት ለማንም አትጻፍ ማለት ነው። ልጁ የእውነት ሰው ይምረጥ፦ ገጠር ያለች አያት፣ ጅዳ ወይም ቤሩት ያለች አክስት፣ ከክፍል የቀረ የታመመ ጓደኛ። ዘመድ የሌለው ልጅ ሊኖር ስለሚችል «ለእናትህ» ብለው አያስገድዱ፤ ምርጫው ሁልጊዜ ክፍት ይሁን።

ከዚያ ጀርባ ለጀርባ የስልክ ጨዋታ። ሁለት ልጆች ተጀራርበው ይቀመጡ፤ አንዱ አክስት ይሁን፣ አንዱ ደዋይ። 2 ደቂቃ ያውሩ። አክስት የሆነው ልጅ ሳያውቀው ደብዳቤው ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎችን ይጠይቃል፦ እናንተ ደህና ናችሁ? ትምህርት እንዴት ነው? ምን ላምጣልህ? ሲጨርሱ ደዋዩ ከተናገረው ሦስት ነገር መርጦ ይጻፍ። ሦስቱ ነገሮች የደብዳቤው ሐተታ ናቸው።

አቀማመጡን ከዚህ በኋላ ያሳዩ። ቀኝ ከላይ የላኪ አድራሻና ከሥሩ ቀን፤ ከግራ «ይድረስ ለ…»፤ አንድ መስመር ተዘልሎ ሰላምታ፤ ከዚያ ሐተታ፣ እያንዳንዱ ሐሳብ በራሱ አንቀጽ፤ መሰናበቻ፤ ቀኝ ከታች ስምና ፊርማ። ቀኑ ወሩን በስም ይዞ ይጻፍ፦ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.። 12/2/2018 የሚል ልማድ አለ። እዚህ ያለ ሰው ጥቅምት ይለዋል፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ግን የካቲት አካባቢ የተጻፈ፣ ያውም ዓመታት ያለፉት ደብዳቤ ሊመስለው ይችላል።

ሰላምታው ላይ ቆም ማለት ይገባል። «ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ» የሚለው የቆየ አጻጻፍ ያረጀ ነው ብለው የሚተዉት መምህራን አሉ። መተዉ አያስፈልግም፤ ለዛ አለው፤ አያትም ይህንኑ ትጠብቃለች። ችግሩ መጠኑ ነው። ልጁ ካልተገደበ ግማሽ ገጽ በሰላምታ፣ ሩብ ገጽ በ«ለእንትና ሰላም በሉልኝ» ይሞላና ሐተታው ሁለት መስመር ይሆናል። ለሰላምታ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይፍቀዱ። «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ቤት አለ፣ «አልሐምዱሊላህ» የሚል ቤት አለ፤ ልጁ የቤቱን ይጻፍ።

ከአቀማመጡ ይልቅ የሚያስቸግረው «አንቺ» እና «እርስዎ» ነው። ልጆች በአክብሮት ይጀምሩና ሲሞቃቸው ወደ ቤት አነጋገር ይገባሉ። መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ልጁ ያችን አያት ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጠራት ይወስንና ሦስት ቃል በገጹ አናት በእርሳስ ይጻፍ። ለአክብሮት፦ ነዎት፣ ደርሶዎታል፣ ይጻፉልኝ። ለሴት፦ ነሽ፣ ደርሶሻል፣ ጻፊልኝ። ለወንድ፦ ነህ፣ ደርሶሃል፣ ጻፍልኝ። ሲጨርስ ግሶቹን ሁሉ ከሦስቱ ጋር ያስተያይ፤ ከዚያ በላጲስ ያጥፋቸው። አያትን «አንቺ» የሚል ቤትም አለ፤ እሱም ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ መሀል ላይ መቀያየር ነው።

የ4ኛ ክፍል ልጅ የመጀመሪያ ረቂቅ ይህን ይመስላል፦

«ይድረስ ለምወድዎት አያቴ። ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ዶሮዋ ጫጩት ፈለፈለች። እና ደግሞ ፈተና ጨረስን። ጫጩቶቹ ሰባት ናቸው። መቼ ትመጫለሽ? ድመት አንዱን በላችው። ቻው።»

ጥሩ ረቂቅ ነው። ሰባት ጫጩትና ሌባ ድመት አለበት፤ ከማንም ናሙና የተገለበጠ አይደለም። ይህን መጀመሪያ ይንገሩት። ከዚያ ሁለት ነገር ብቻ ያንሡ፦ «ከርመዋል» ብሎ ጀምሮ «ትመጫለሽ» አለ፤ የጫጩቶቹን ወሬ ደግሞ ፈተናውና ጥያቄው ሦስት ቦታ ቆራርጠውታል። ልጁ የጤፉን ሰልፍ ያስታውስና ቤተሰቡን ይሰብስብ፦

«ዶሮዋ ሰባት ጫጩት ፈለፈለች። አንዱን ግን ድመት በላችው፤ አሁን ስድስት ቀርተዋል።
ፈተናችንን ጨርሰናል። መቼ ይመጣሉ? ሲመጡ ጫጩቶቹን አሳይዎታለሁ።»

«ቻው» በዚህ ዙር ይለፍ። በሚቀጥለው «በደህና ይሰንብቱ»፣ «አክባሪዎ የልጅ ልጅዎ» የሚሉትን በሰሌዳ ጽፈው ያስመርጡ።

ውጭ አገር በቅዳሜና እሑድ አማርኛ የሚማሩ ልጆች ከአያት ጋር የሚገናኙት ብዙ ጊዜ በድምፅ መልእክት ነው። ለእነሱ የስልኩ ጨዋታ አያስፈልግም፤ ራሳቸው የላኩትን የ1 ደቂቃ መልእክት እያዳመጡ ይጻፉት፣ ከዚያ ወደ ደብዳቤ ይለውጡት። የሚያጥራቸው ፊደል እንጂ ወሬ አይደለም።

ማመልከቻ ሦስት ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል። ጉዳዩ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ይምጣ፤ የተበላሸ ቧንቧ፣ የኳስ ጥያቄ፣ የተሰበረ ዴስክ። መጀመሪያ ወጥተው ይቁጠሩ፤ ስንት ቧንቧ አለ፣ ስንቱ ይሠራል፣ ከመቼ ጀምሮ ቆመ? ቁጥር የሌለው ማመልከቻ ልመና ይመስላል።

ቀን፦ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ጽሕፈት ቤት
ባለበት
ጉዳዩ፦ የውሃ ቧንቧ እንዲጠገንልን ስለመጠየቅ
እኛ የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች ነን። በሜዳው አጠገብ ካሉት አራት ቧንቧዎች ሁለቱ ከመስከረም 20 ጀምሮ ውሃ አይሰጡም። በዚህ ምክንያት በዕረፍት ሰዓት ሰልፉ ስለሚረዝም ብዙዎቻችን ሳንጠጣ ደወል ይደወላል። ስለዚህ ሁለቱ ቧንቧዎች እንዲጠገኑልን በትሕትና እንጠይቃለን።
ከሰላምታ ጋር
የክፍል አለቃ ስምና ፊርማ

አራት ዐረፍተ ነገር፦ ማን፣ ምን ሆነ፣ ምን አስከተለ፣ ምን ይደረግ። በአንቀጹ ሳምንት የተማሩት ምክንያትና ውጤት ነው፤ አዲሱ ነገር «ጉዳዩ» የሚለው መስመር ብቻ ነው። ልጆች ለጤና እንደምን ከረሙ ብለው ይጀምራሉ፤ እዚህ አይባልም። «ከላይ በርእሱ እንደተጠቀሰው» የሚለውን ከአዋቂዎች ደብዳቤ ይቀዳሉ፤ ምንም አይጨምርም፣ ይሰረዝ። «ማንም ስለማያስብልን» ዓይነት ወቀሳ ሲመጣ ቁጥሩ እንዲተካው ያድርጉ። ከታች «ግልባጭ፦» ብሎ ለሌላ ቢሮ ማሳወቅን ለ6ኛ ክፍል ይተዉት።

ፖስታውን ከደብተር ወረቀት ይሥሩ። ወረቀቱን በቁሙ አስቀምጦ ሁለቱን ጎን አንድ አንድ ጣት ወደ ውስጥ ማጠፍ፤ ከዚያ ከታች ወደ ላይ አጥፎ ለክዳን ሦስት ጣት ማስቀረት፤ ጎንና ጎኑን በሙጫ፣ ሙጫ ከሌለ በቀጭን የዱቄት ሊጥ መለጠፍ። የላኪ ስም ግራ ከላይ፣ የተቀባይ መሀል ላይ ወደ ቀኝ፣ ቴምብር ቀኝ ከላይ። አገራችን ውስጥ ደብዳቤ በአብዛኛው በፖስታ ሣጥን ስለሚደርስ የተቀባዩ ፖ.ሣ.ቁ. ካልተጻፈ የሠፈር ስም ብቻውን አያደርሰውም። ቁጥሩን ልጁ ከቤት ጠይቆ ይምጣ። ፖስታ ሣጥን ከሌለ በሚሄድ ሰው እጅ መላክ ነው፤ ያኔ ፖስታው ላይ የአድራሹ ስም አይቀርም።

ከመላኩ በፊት የእያንዳንዱ ደብዳቤ ግልባጭ በደብተር ይቅር። መልስ የመጣለት ልጅ የራሱን ግልባጭና መልሱን አከታትሎ በቡድኑ ፊት ያንብብ፤ ከርእሰ መምህሩ ጽሕፈት ቤት በ10 ቀን ውስጥ ምንም ካልተሰማ ደግሞ ክፍሉ ሁለተኛ ደብዳቤ ይጻፍ። ለዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በጻፍነው ማመልከቻ ሁለት ቧንቧዎች እንዲጠገኑልን ጠይቀን ነበር። እስከ ዛሬ መልስ ስላላገኘን ውሳኔው እንዲገለጽልን በትሕትና እንጠይቃለን።»